በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ ስለሚሾመው የሃይማኖት ትምህርት ኃላፊ

ሕፃናትን ሃይማኖት ማስተማር በእኛ ዘንድ የወላጅ፣ የንስሐ አባትና የየኔታ ሥራ ሆኖ የኖረ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ከእነዚህ ሌላ አንድ መምህር አለ፤ ይኸውም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርትን እንዲመራ የሚሾመው ነው። ይህ ሰው እንደ ሥራው ካህን አይደለም፤ ሰባኪም አይደለም፤ የራሱ ሃይማኖት የሌለው ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ከአምስት እስከ ዐሥራ አንድ ዓመት ያሉ ሕፃናት ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም በትምህርት ቤት የሚሰሙት ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። በለንደንና በሌሎቹ የእንግሊዝ ከተሞች የሚኖሩ የምእመናኖቻችን ልጆች በዚሁ ትምህርት ላይ ይቀመጣሉ፤ ከእነዚሁ ምእመናን መካከልም የመምህርነት ሥራ የያዘ ሰው ይህ ኃላፊነት ሊደርስበት፣ ካህኑም ለትምህርት ቤቱ እንግዳ እንዲሆን ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ይህ ሹመት ምን እንደ ሆነና አዲሱ ተሿሚ ከምን ሊጀምር እንደሚገባው ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ ሕጉ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያውቅ ወደ ሥራው የገባ ኃላፊ ወላጅ በጠየቀው ጊዜ የሚመልሰው ያጣልና። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ በሕዝብ ገንዘብ በቆሙት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሆነ የሃይማኖት ጥያቄና መልስ እንዳይሰጥ ከለከለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ በ1944 የወጣው ሕግ ደግሞ የሃይማኖትን ትምህርት ግዴታ አደረገ፤ ወላጅ ግን ቢፈልግ ልጁን ከዚህ ትምህርት የማስወጣት መብት እንዲኖረው ፈቀደ። በ1988 የወጣው ሕግ፣ የአገሪቱ ሃይማኖታዊ ውርስ በአብዛኛው ክርስቲያናዊ መሆኑን ትምህርቱ እንዲያሳይ፣ በዚያች አገር የሚገኙትን የሌሎቹን ታላላቅ ሃይማኖቶች ትምህርትና ሥርዓትም እንዳይዘነጋ አዘዘ። በዚህም ሕግ መሠረት የሚዘጋጅ የትምህርት መርሐ ግብር አለ። እንደ ሒሳብና እንደ እንግሊዝኛ ቋንቋ ለአገሩ ሁሉ አንድ ሆኖ የተጻፈ አይደለም፤ በየአካባቢው የሚመለከታቸው ወገኖች ተሰብስበውና ተስማምተው የሚያወጡት፣ በየአምስት ዓመቱም እንደ ገና የሚመረመር ነው።

እንግዲህ አዲሱ ኃላፊ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ትምህርት ቤት የማን ነው?» ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ የአካባቢው አስተዳደር ከሆነ፣ ያ የስምምነት መርሐ ግብር ይገዛዋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ፣ አንዳንዱ ይህንኑ መርሐ ግብር ሲከተል ሌላው በተመሠረተበት ሰነድና በእምነቱ መሠረት ያስተምራል። አካዳሚ የተባሉት ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት ጋር የተዋዋሉበት ጽሑፍ አላቸው። ይህን ሳይለይ የሚጀምር ሰው፣ በዚያኛው ዓይነት ትምህርት ቤት የተፈቀደውን በዚህኛው ሊያደርግ ነውና ከዲሬክተሩም ከወላጅም ጋር ይጋጫል።

ኃላፊ የሚለው ስም ትልቅ ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ በአብዛኛው ትምህርት ቤት ይህ ሹመት የሚሰጠው የራሱን ክፍል ከጧት እስከ ማታ ለሚያስተምር ተራ መምህር ነው። ጸሐፊ የለውም፤ ረዳት የለውም፤ ጊዜም ብዙ አይሰጠውም። ያለው የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው፤ በውስጡም ያረጁ መጻሕፍት፣ አንድ ሁለት የአይሁድ መብራት፣ የመስጊድ ምንጣፍና የተሰበረ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ይገኛሉ። ይህን የምንለው ለማቃለል አይደለም፤ ሹመቱን የተቀበለ ሰው ከፊቱ የቆመውን ሥራ በልኩ እንዲያየው ነው።

የመጀመሪያውን እንቅፋት የሚያገኘው ከሕፃናቱ ሳይሆን ከባልንጀሮቹ መምህራን ዘንድ ነው። ሒሳብ ለማስተማር የማይፈራ መምህር ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ወይም ስለ እስላሞች ጾም ሲጠየቅ አንደበቱ ይያዛል። አንዱ እምነት የለውምና «የማላምንበትን እንዴት አስተምራለሁ?» ይላል። ሌላው አጥባቂ አማኝ ነውና የሌላውን ሃይማኖት መናገር ኃጢአት ይመስለዋል። የሚበዛው ግን ተሳስቶ ተናግሮ ወላጅን እንዳያስቀይም ይፈራል። ከዚህም የተነሣ ትምህርቱን ወደ ሥዕል መቀባትና ወረቀት መቁረጥ ይመልሰዋል፤ ሕፃኑም ስለ ፋሲካ ምን ተማርህ ሲባል «እንቁላል ቀባን» ብሎ ይመልሳል። በ2024 ኦፍስቴድ የተባለው የመንግሥት የትምህርት መርማሪ መሥሪያ ቤት ስለ ሃይማኖት ትምህርት ባወጣው ዘገባ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ ቁም ነገር የጎደለው መሆኑን የገለጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ፍርሃት በስብሰባና በማሳሰቢያ ደብዳቤ ማራቅ አይቻልም። እኛ የሚሻለውን መንገድ እንዲህ እናየዋለን። ኃላፊው ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል አንድ ገጽ ብቻ ይጻፍ፤ በዚያ ገጽ ላይ መምህሩ ሊያውቀው የሚገባው ታሪክ፣ የእንግዳ ቃላቱ ትርጉምና አነባበብ፣ አማኞቹ የሚያደርጉትና ምክንያቱ፣ ደግሞም በዚህ ነገር ዘወትር የሚደረገው ስሕተት ይጻፍበት። ይህን ይዞ ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት ከመምህሩ ጋር አንድ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። መምህሩም ወድዶ ከጠየቀው አብሮት ወደ ክፍሉ ይግባ፤ ነገር ግን እንደ መርማሪ በኋላ ወንበር ተቀምጦ አይጻፍ፤ ከሕፃናቱ መካከል ተቀምጦ አብሮ ይስማ። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ባልሆነ ቦታ መምህር ይህን ትምህርት አላስተምርም የማለት መብት በሕግ አለው። እንዲህ ያለ መምህር በተገኘ ጊዜ ከእርሱ ጋር መከራከር የኃላፊው ድርሻ አይደለም፤ ለዲሬክተሩ አስታውቆ ሌላ መምህር በክፍሉ እንዲተካለት ማድረግ ይበቃል።

ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ማለት ወደ ትምህርቱ ቅደም ተከተል እንለፍ። የአዲስ ኃላፊ ዋና ሥራ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይገኛል፤ የአምስት ዓመቱ ሕፃን የልደትን ታሪክ ይሰማል፤ የስድስት ዓመቱም ይሰማል፤ የዐሥር ዓመቱም ያንኑ ታሪክ በዚያው ልክ ይሰማል። በጎቹ፣ እረኞቹ፣ ሰብአ ሰገሉ ስድስት ጊዜ ይመጣሉ፤ ስድስት ጊዜም ይሄዳሉ። ከእኛ ንባብ ቤት የወጣ ሰው ይህን ሲያይ ይደነቃል። በእኛ ዘንድ ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይለያል፤ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመውን ልጅ ወደ ሀሁ የሚመልሰው የኔታ የለም። በእርግጥ በእኛ ንባብ ቤት ትርጓሜው ከንባቡ ርቆ ይቆይ ስለ ነበር ሕፃኑ የሚያነበውን ሳያውቅ ዓመታት ያልፉ ነበር፤ ይህን ጉድለት አንክድም። የሥርዓቱ ነገር ግን ጥብቅ ነው፤ የእያንዳንዱ ደረጃ ትምህርት ከእርሱ በፊት በተማረው ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ኃላፊው የትንሣኤን ትምህርት በምሳሌነት ወስዶ ከመምህራኑ ጋር እንዲህ ሊያደላድለው ይችላል። የአምስት ዓመቱ ሕፃን ታሪኩን ይስማ፤ ይበቃዋል። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ከሆሣዕና እስከ ትንሣኤ ያለውን ሳምንት በቅደም ተከተል ይወቅ፤ የሞት መቅጫ የነበረው መስቀል እንዴት የደስታ ምልክት ሊሆን እንደ ቻለ ይጠይቅ። የዐሥሩና የዐሥራ አንዱ ዓመት ልጅ አራቱ ወንጌላውያን ስለ ባዶው መቃብር የጻፉትን ጎን ለጎን አድርጎ ያንብብ፤ በፍርሃት በራቸውን ዘግተው የነበሩት ደቀ መዛሙርት ምን ሲያገኛቸው በአደባባይ እንደ ቆሙ ይመርምር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሌላም ነገር ይጠይቃል። በ2024 የምዕራባውያኑ ፋሲካ ማርች 31 ቀን ሲሆን የእኛና የሌሎቹ ኦርቶዶክሳውያን ሜይ 5 ቀን ነበር፤ በ2025 ግን ሁሉም በአንድ ቀን፣ አፕሪል 20 ዋለ። «ለምን?» ይላል ልጁ። ይህ ጥያቄ ወደ ፀሐይና ጨረቃ አቆጣጠር፣ ወደ ቀድሞ ጉባኤያት፣ ወደ እኛም ባሕረ ሐሳብ ይወስዳል። መምህሩ መልሱን ባያውቀው የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ኃላፊው ከደብሩ አንድ ባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ ፈልጎ ቢጠይቅለት ይበቃል።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ከ1994 ወዲህ በዚያ አገር ሲጠቀስ የኖረው ልክ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉት በዓመት 36 ሰዓት፣ ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ ዓመት ላሉት 45 ሰዓት ነው። ይህ በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። ነገር ግን በዲሴምበር ወር የልደት ትርኢት ልምምድ ይመጣና የመላእክት ክንፍ መስፋት እንደ ሃይማኖት ትምህርት ይቈጠራል። ኃላፊው በትሕትና፣ ነገር ግን ሳይታክት፣ ልምምድ ልምምድ እንደ ሆነ ትምህርትም ትምህርት እንደ ሆነ ለዲሬክተሩ ማስረዳት አለበት።

አሁን ብዙ ምእመናን የሚጨነቁበት ነገር ላይ ደረስን። በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩ ሕፃኑን አማኝ ለማድረግ አልተሾመም፤ ሰዎች የሚያምኑትንና የሚያደርጉትን በእውነት ሊያስረዳው ነው። ይህ ለአንዳንዶቻችን ቀዝቃዛ ነገር ይመስለናል። ሆኖም እምነትን በሕፃኑ ልብ መትከል የቤትና የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ከማያምን መምህር ይህን መጠበቅ አይገባም። ከቀዝቃዛው ትምህርት ይልቅ እኛ የምንፈራው የተሳሳተውን ትምህርት ነው። ምን ማለታችን እንደ ሆነ አንድ ነገር እናስብ። በዲሴምበር ወር መምህሩ «ክርስቲያኖች የጌታን ልደት በ25ኛው ቀን ያከብራሉ፤ በዚያም ቀን ሥጋ ይበላሉ» ብሎ ያስተምራል፤ ትምህርት ቤቱም ሥጋ ያለበት የልደት ምሳ ያዘጋጃል። በክፍሉ ውስጥ ያለችው የእኛ ልጅ ግን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ወላጆቿ ጾመ ነቢያትን ሲጾሙ ታያለች፤ ልደትን የምታከብረው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በእነርሱ ጃንዩወሪ 7 ቀን ነው። በመምህሩ ቃል መሠረት ወይ እርስዋ ክርስቲያን አይደለችም፣ ወይ እናቷ ተሳስታለች። የሰባት ዓመት ሕፃን በዚህ መካከል ምን ትላለች? ዝም ትላለች። ዝምታዋንም ማንም አያይላትም።

አዲሱ ኃላፊ መምህራኑን ሊያስተምር የሚገባው አንድ የአነጋገር ልማድ ከዚህ ይገኛል። «ክርስቲያኖች ሁሉ» ከማለት «ብዙ ክርስቲያኖች»፣ «በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን»፣ «በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» እያሉ ለይቶ መናገር ነው። ስለ አይሁድም፣ ስለ እስላሞችም፣ ስለ ሂንዱዎችም እንዲሁ ነው። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለዚያች ልጅ በክፍሉ ውስጥ ስፍራ ያገኝላታል። በዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ የሚያስፈልግ ሌላ ነገር አለ። ደግ መምህር ይህን ባወቀ ጊዜ ደስ ብሎት «እንግዲህ አንቺ ስለ ጾማችሁ ንገሪን» ብሎ ልጅቱን በድንገት ያስነሣታል። ይህም ጥፋት ነው። ሕፃን ስለ ሃይማኖቱ እንዲመሰክር በሰው ፊት አይጎተትም፤ የማታውቀውን ብትናገር ታፍራለች፤ ዝም ብትል ይበልጥ ታፍራለች። አስቀድሞ ወላጆቿን መጠየቅ፣ ልጅቱንም ለብቻ «ልትናገሪ ትወጃለሽን?» ማለት ይገባል፤ እምቢ ካለች መምህሩ ራሱ ይናገር።

ስለ ወላጆች መብትም መናገር ግድ ነው። ከምእመናኖቻችን አንዳንዶቹ ልጃቸው የሌላውን ሃይማኖት እንዳይሰማ በማለት ከትምህርቱ ሊያስወጡት ይፈልጋሉ። ሕጉ ይህን ፈቅዶላቸዋል፤ ምክንያት እንዲሰጡም አያስገድዳቸውም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ኃላፊ ወላጁን እንደ ተቃዋሚ አይቁጠረው። ጠርቶ ያነጋግረው፤ መርሐ ግብሩንና የልጁን ደብተር ከፊቱ ይዘርጋለት፤ ልጁ በመስጊድና በምኵራብ የሚደረገውን ይማራል እንጂ እንዲሰግድ እንደማይታዘዝ ያስረዳው። ከዚህ በኋላ ወላጁ በሐሳቡ ከጸና ሐሳቡ ይከበርለት። የእኛ አስተያየት ግን ልጁ ከባልንጀሮቹ ጋር ቢሰማና ማታ በቤት ቢወያይበት ይሻለዋል የሚል ነው፤ ከክፍል ወጥቶ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ከትምህርቱ ይልቅ መለየቱን ይማራልና። ነገር ግን ይህ እንዲሆን በቤት ማታ የሚወያየው ሰው መኖር አለበት።

ስለ ካህናትም እንናገር። ኃላፊው ሕፃናቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊያመጣ ወይም ካህኑን ወደ ትምህርት ቤት ሊጠራ በፈለገ ጊዜ፣ አስቀድሞ ራሱ መጥቶ ቦታውን ይይ፤ የሕፃናቱንም ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ለካህኑ ይስጥ። ካህኑም በበኩሉ ስብከት እንዲያዘጋጅ እንዳልተጠራ ይወቅ። የሰባት ዓመት ሕፃን ረጅም ቃል አይሸከምም። መስቀሉን፣ ጽናጽሉን፣ ከበሮውንና መቋሚያውን ያሳይ፤ ከበሮውን ይምቱት ቢባሉ ሕፃናቱ ይህን ቀን አይረሱትም። ጫማ በደጅ የሚወልቀው ስለ ምን እንደ ሆነ ይንገራቸው፤ ሙሴ በቍጥቋጦው ዘንድ የሰማውን ትእዛዝ ያስታውሳቸው። የእኛ ወገን ያልሆኑትን ልጆች ግን መስቀል ተሳለሙ፣ ጸልዩ ማለት አይገባም፤ እንግዶች ናቸውና። የሚያስቅ ጥያቄ ቢጠየቅም አይቆጣ። ሕፃን «ጢምዎ ለምን ረዘመ?» የሚለው ሊሰድብ ፈልጎ አይደለም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም በር አለ፤ ብዙዎች ግን አያውቁትም። በየአካባቢው አስተዳደር ዘንድ የሃይማኖትን ትምህርት የሚከታተል ቋሚ አማካሪ ጉባኤ በሕግ ተቋቁሟል። አራት ወገኖች አሉት፤ አንደኛው የሌሎች ክርስቲያኖችና የሌሎች ሃይማኖቶች ተወካዮች፣ ሁለተኛው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስተኛው የመምህራን ማኅበራት፣ አራተኛው የአስተዳደሩ ሰዎች ናቸው። የስምምነቱን መርሐ ግብር የሚያዘጋጀውም ጉባኤ በእነዚሁ በአራቱ ወገኖች የቆመ ነው። ኦርቶዶክሳውያን በመጀመሪያው ወገን ሊቀመጡ ይችላሉ። ምእመናን በብዛት በሚኖሩበት አካባቢ የደብሩ አስተዳዳሪ ለዚህ ጉባኤ ደብዳቤ ጽፎ ወኪል ቢያቀርብ፣ ስለ ጾማችንና ስለ በዓላችን ምን እንደሚጻፍ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሊናገር ይችላል። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በየቤታችን ከማጉረምረም ይህ ይሻላል።

የመጨረሻው ነገር ሕፃኑ መማሩን የምናውቅበት መንገድ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ወላጆች ልጆቻቸውን ስለሚያሳድጉበት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለሕፃን የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ማታ እንዲነግሩት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ታሪኩን ልጁ ራሱ መልሶ እንዲነግራቸው ይመክራል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ያ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ በሰማ ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው ነውና ደስ እንደሚለው ይናገራል። ስለ ዕድሜም ይጠነቀቃል፤ የሚያስፈራውን ታሪክ ልጁ ከፍ እስኪል ያቆየዋል፤ የገሃነምን ነገር እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያዘገየዋል። ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ እኛ ግን ለዛሬው ኃላፊ ከዚህ የሚሻል የመመዘኛ ዘዴ አላገኘንም። የጽሑፍ ፈተና በዚህ ዕድሜ የሕፃኑን የጽሕፈት ችሎታ ይመዝናል እንጂ ያወቀውን አይመዝንም። ስለዚህ ኃላፊው በየወሩ ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ልጆች ይጥራ፤ ታሪኩን ይንገሩት፤ «ይህን የሚያምን ሰው በኑሮው ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቃቸው፤ ሲናገሩም ሳያቋርጥ ይስማቸው። ዲያቆኑ ፊልጶስ በኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ አጠገብ የጀመረው እንዲሁ በጥያቄ ነበር፤ ትርጓሜውንም የጀመረው ጃንደረባው ያነብ ከነበረው ስፍራ ነው እንጂ ከሌላ አልነበረም (የሐዋ. ሥራ ም. 8)።

ከልጆቹ የሰማውን በአንድ ደብተር ቀኑንና ክፍሉን እያመለከተ ይጻፈው። በጁላይ ወር የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ ለዲሬክተሩና ለትምህርት ቤቱ ቦርድ የሚያቀርበውን ቃል ከዚያ ያወጣል። በዚህ ሹመት ላይ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ ደብተሩን፣ ለየትምህርቱ ያዘጋጃቸውን ገጾች፣ የጎበኛቸውን የቤተ ክርስቲያናትና የሌሎቹን ቤተ ጸሎት አድራሻ፣ የቁም ሣጥኑንም ቁልፍ በአንድነት አስሮ ከእርሱ ቀጥሎ ለሚሾመው ያስረክብ።